ግማሽ ዋጋ

ጎሹ ጡረታ ወጥቶ፣ እኔም ከመጥረጊያ ተላቅቄ፣
ከፋሲካ ወዲህ ያላየኋትን የልጄን ልጅ ናፍቄ፣
ከቂርያት ጋት ተነሣን፣ ሰኞ በማለዳ፤
ኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ፣ የኪኒን ከረጢት፣ ሁለት ኮዳ።
ስልክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ብትለው፣
«አንዲት አዛዥ ትበቃኛለች» አለና ግራውን ተከተለው።

የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ አራት ሰዓት ፈጅተን፣
ናታንያ እህቱ ዘንድ አደርን፣ ስለ ስኳርና ስለ ጉልበት አውርተን።

በማግስቱ ቂሣርያ። ባሕሩ ዳር የውሃ ድልድይ አለ፣
ቅስት በቅስት ትከሻ ላይ፣ ከጥንት እንደተንጠለጠለ።
«ከተራራ እስከ ከተማ፣ ውሃው በዚህ ጀርባ ሄደ» አለኝ።
እኔ የራሴን ጀርባ ዳሰስኩ፣
የእንስራው ገመድ የነበረበትን።
ዝም አልኩ። ቲማቲም በዳቦ በላን።

አፉላ ስንደርስ ሊታል ደረጃውን በሩጫ ወረደች፤
እናቷ ስንዱ፣ የሌሊት ተረኛ፣ ከነጫማዋ ተኝታለች።
«ልጅቷን ይዘን እንሂድ፣ ትረፍ» አለ ጎሹ በሹክሹክታ፣
ብርድ ልብሱን ከመኪናው አምጥቶ አለበሳት በእርጋታ።

ቁልቁል ወደ ቆላው ወረድን፣ መጽሐፍ ቤትሳን ወደሚላት፣
የሳኦልን ሬሳ ጠላቶቹ በቅጥሯ ወደሰቀሉባት።
ትኬት ሻጩ ልጅ መታወቂያችንን አየና፣
«ለጡረተኛ ግማሽ ዋጋ» አለን፣ ሳይል ቀና።
ጎሹ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቆመ።
«ድሮ በዚህ በር ስገባ» አለኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣
«እነሱ ነበሩ የሚከፍሉኝ።» ከፈለ፣ መልሱን ሳይቆጥር ተቀብሎ።

ሊታል ሰሌዳውን ታነባለች፦ መሬት ተንቀጠቀጠ፣
ከተማዋ ወደቀች፣ ጣሪያው ሁሉ ተገለበጠ።
አያቷ ሰሌዳ አያይም። ዓምዶቹን አንድ በአንድ ዳብሶ፦
«ይሄ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፣ አፉ አፈር ጎርሶ፤
ያ በጎኑ፣ እንደ ሰካራም። እዚች ጥላ ምሳ እንበላለን፣
አሥራ አንድ ነን፣ ከአገር እንደመጣን፣ ቋንቋ የለን።
መጀመሪያ የተማርነው ቃል ‹ለአት፣ ለአት› ነው፤ ቀስ፣ ቀስ፤
ሌሊት እንቅልፌ ውስጥ እንኳ እጄ እንዲያ ይላል፣ አፈር ሲዳብስ።
አንድ ቀን ኩራዝ አወጣሁ፣ የሸክላ፣ መዳፍ የምታክል፤
አፏ ላይ ጥላሸት አለ፣ ያጠፋት ሰው ትናንት የወጣ ይመስል።
ቁጥር ጻፉባት፣ በጥጥ ጠቅልለው ወሰዷት።»

«ያንተስ ስም?» አለች ልጅቱ።
ሳቀ። «እኔም ቁጥር ነበረኝ» አላት። «መቶ ሰባ ሦስት።»
እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። የሰርጋችንን ቀን ግን ይረሳል።

ሊታል ምን አደረገች? ወደ አስጎብኚው ተጠግታ፣
«ይሄን ሳባዬ ነው የቆፈረው!» አለች፣ አፏን ሙሉ ከፍታ።
ሰላሳ ባርኔጣ ዞረ። አንዱ ፎቶ ላንሳህ አለው፤
ጎሹ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ፈገግታውን ግን ረሳው።

እኔን ማንም አልጠየቀኝ። ያኔ ጥብርያዶስ፣ ሆቴል እጠርጋለሁ፤
ማታ ማታ፣ ካራቫኑ ደጅ፣ ሸሚዙን በሳፋ እዘፈዝፋለሁ።
ስንት ቤት፣ ስንት ገበያ፣ ስንት የንጉሥ አደባባይ፣
አፈር ሆኖ ታጥቧል በእጄ፣ ተደፍቷል ደጃፋችን ላይ።

ማታ አፉላ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ሱሪውን ይዤ ሰገነት ወጣሁ።
ጉልበቱ ላይ ነጭ አቧራ አለ፤ ትንሽ በጣቴ ነካሁ።
ከዚያ አራገፍኩት።
ነገ ጥብርያዶስ ልንሄድ ነው፤
ሌላ ሱሪ አልያዘም።